ናቹራል ወይስ ሶሻል? ለድሬዳዋና ለሐረር የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች የዘርፍ ምርጫ መመሪያ

የ10ኛ ክፍል ሪፖርት ካርድ እጅ ከገባ በኋላ ትምህርት ቤቱ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ከ11ኛ ክፍል ጀምሮ ናቹራል (የተፈጥሮ ሳይንስ) ወይስ ሶሻል (የማኅበራዊ ሳይንስ)? ከዚራም ሆነ ሳቢያን፣ ጀጎል ውስጥም ሆነ ከግንቡ ውጭ፣ መልሱ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ፎርሙ በሚሞላበት ጠዋት ነው፤ ያውም ጓደኛ ምን እንደሞላ አይቶ። «ጎበዝ ናቹራል ይገባል፣ ሒሳብ የከበደው ሶሻል ይሂድ» የሚለው የቆየ አባባል ደግሞ ከጓደኛም በላይ ያሳስታል። ለምን እንደሚያሳስት ለማየት ከፈተናው ቁጥር መጀመር ይሻላል።

ወላጆች አሁንም ማትሪክ የሚሉት የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና እስከ 2017 ዓ.ም. በነበረው አሠራር ስድስት ትምህርት ነው፤ እያንዳንዱ ከ100፣ ድምሩ ከ600። ሦስቱን ሁሉም ይፈተናል፤ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲትዩድ (የማመዛዘን ችሎታ ፈተና)። የሚለያዩት ቀሪዎቹ ሦስቱ ናቸው። ናቹራል ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይፈተናል፤ ሶሻል ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ። እንግዲህ ምርጫችሁ የሚነካው ግማሹን፣ 300ውን ብቻ ነው። ሌላው 300 የትም ብትገቡ አብሯችሁ ይሄዳል።

ማለፊያው ከ600 ግማሹ ነው። የሚታየውም ድምሩ ነው፤ በየትምህርቱ ግማሽ ማምጣት ግዴታ አይደለም። ፊዚክስ 38 አምጥቶ ባዮሎጂ 70 ያመጣ ተማሪ ሁለቱ ተቻችለው 54 አማካይ ይሰጡታል። ግማሹን ማምጣት ግን ቀላል አልሆነም። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ያለፉት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የትኛው ዘርፍ ይከበራል?» ሳይሆን «በየትኛው ሦስት ትምህርት ብዙ ነጥብ እሰበስባለሁ?» ነው።

ሒሳብ ከሁለቱም ዘርፍ አይቀርም። የሒሳቡ ወረቀት ለየዘርፉ ለብቻው ቢዘጋጅም ሶሻልም ከ100 ይፈተነዋል። የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የ12ኛ ክፍል ሒሳብ ቅደም ተከተልና ተከታታይ ድምር፣ የካልኩለስ መግቢያ፣ ስታቲስቲክስ፣ ሊኒየር ፕሮግራሚንግና የንግድ ሒሳብ አለበት። ሒሳብ ያልቻለ ናቹራል አይግባ ማለት ያስኬዳል፤ ሒሳብ ያልቻለ ሶሻል ይግባ ማለት ግን አያስኬድም። ሒሳብ የከበደው ተማሪ የክረምቱ ሥራ የ9ኛና የ10ኛ ሒሳብን መጠገን ነው። የዘርፍ ምርጫ ይህን ሥራ አያስቀርለትም።

ካርዱን እንዳለ አትመኑት

ለምርጫው የሚጠቅመው ቁጥር ሪፖርት ካርዱ ላይ እንደተጻፈ አይገኝም። ካርዱ ውስጥ የቤት ሥራ፣ የደብተር፣ የተሳትፎና የቡድን ሥራ ነጥብ ተደባልቋል። የቡድን ሥራን አንዱ ሠርቶ አምስቱ ስማቸውን እንደሚያስጽፉ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ብሔራዊ ፈተናው ላይ ግን ቡድን የለም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። የ9ኛና የ10ኛ ክፍል የአራቱን ሴሚስተር የማጠቃለያ ፈተና ውጤት ብቻ ነጥላችሁ ጻፉ። የፈተና ወረቀቱ ከጠፋ መምህሩ ማርክ ሊስት ላይ አለ፤ በትሕትና ከተጠየቀ አብዛኛው መምህር ያሳያል። ፈተናው ከ40 ከሆነና 26 ካመጣችሁ ከ100 ሲቀየር 65 ነው። ለስድስቱ የዘርፍ ትምህርቶችና ለእንግሊዝኛ፣ ለሒሳብ የየራሳቸውን አማካይ አውጡ። አፕቲትዩድ በመደበኛ ክፍል ስለማይሰጥ ካርድ ላይ የለም፤ እሱን ካለፉ ዓመታት ወረቀት ብቻ ነው የምትለኩት።

ቀጥሎ ያለፉ ዓመታት የብሔራዊ ፈተና ወረቀቶችን ፈልጉ። ትምህርት ቤት አካባቢ ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት ብዙ ጊዜ አያጣቸውም፤ ቴሌግራም ላይም ሞልተዋል። ከእነዚህ ውስጥ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ይዘት ያላቸውን ጥያቄዎች ለቅማችሁ በየትምህርቱ 30፣ 30 አዘጋጁ። ደብተር ተዘግቶ፣ ስልክ ሌላ ክፍል ተቀምጦ፣ ሰዓት ተይዞ ይሠራ። ለ30 ጥያቄ 35 ደቂቃ ይበቃል፤ ለሒሳብና ለፊዚክስ እስከ 50 ደቂቃ ፍቀዱ። እርማቱን ከቴሌግራም መልስ ጋር ብቻ አታመሳክሩ፤ እዚያ የሚዞረው መልስ ተማሪ የሠራው ስለሆነ ስሕተት አይጠፋውም። የተጠራጠራችሁትን ለትምህርቱ መምህር አሳዩ።

ውጤቱን ስታነቡ አንድ ነገር ልብ በሉ። አራት አማራጭ ያለውን ጥያቄ ዓይን ጨፍኖ ያከበበ ሰው እንኳ 25 አካባቢ ያገኛል። ስለዚህ 30 ያመጣ ተማሪ «ትንሽ አውቃለሁ» ሊል አይችልም፤ ገምቷል ማለት ነው። 45 ያመጣ ደግሞ ከሚመስለው በላይ ርቋል፤ ክረምቱን ከሠራበት ሊነሣ የሚችል ውጤት ነው። ካርዱ ላይ 85 ሆኖ በዚህ ፈተና 35 የመጣበት ትምህርት ካለ የሚታመነው 35ቱ ነው።

አሁን የማጠቃለያ ፈተናውን አማካይና ይህን የቤት ፈተና ደምራችሁ ለሁለት አካፍሉ። ለምሳሌ አንዲት ተማሪ እንዲህ ወጣላት እንበል፦ ፊዚክስ 41፣ ኬሚስትሪ 58፣ ባዮሎጂ 72፤ ድምሩ 171። ጂኦግራፊ 63፣ ታሪክ 55፣ ኢኮኖሚክስ 66፤ ድምሩ 184። የጋራዎቹ እንግሊዝኛ 52፣ ሒሳብ 44፣ አፕቲትዩድ 50፤ ድምሩ 146። ናቹራል ብትገባ 317፣ ሶሻል ብትገባ 330 ይሆናል። ሁለቱም ከ300 በላይ ነው፤ ልዩነቱም 13 ብቻ። በእኛ ግምት ከ300ው ላይ ከ15 ነጥብ ያነሰ ልዩነት እንደ እኩል ይቆጠር፤ አንድ የታመመችበት ቀን የሚያመጣው ልዩነት ነውና። የዚህችን ልጅ ምርጫ የሚወስነው ነጥቡ አይደለም፤ ወደፊት መማር የምትፈልገው ነው። ነርስ መሆን ከፈለገች ናቹራል ትግባና ፊዚክሱን ትጠግን።

ልዩነቱ 40ና ከዚያ በላይ ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያን ጊዜ ነጥቡን ንቆ መሄድ የሚያዋጣው የደከመበት ምክንያት ታውቆ የሚታከም ከሆነ ብቻ ነው።

ድካሙ ከየት እንደመጣ መለየት

ፊዚክስን እንውሰድ፤ ብዙ ተማሪ ከናቹራል የሚሸሸው በእሱ ነውና። ወላጆች ይህን ጥያቄ በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ ለተማሪው ስጡት፦ ከ20 ሜትር ከፍታ የተለቀቀ ድንጋይ በስንት ሰከንድ መሬት ይደርሳል? የስበት ፍጥንጥነት 10 ይወሰድ። ርቀቱ የፍጥንጥነቱ ግማሽ በጊዜው ካሬ ሲባዛ ነው፤ 20 እኩል ይሆናል 5 ሲባዛ በጊዜው ካሬ፤ የጊዜው ካሬ 4፤ ጊዜው 2 ሰከንድ።

ተማሪው «4» ብሎ ከጻፈ ፊዚክሱን ያውቃል፤ ካሬ ሩት መውሰድ ነው የረሳው። ይህ በአንድ ወር የአልጀብራ ልምምድ ይስተካከላል። ባዶ ወረቀት ከመለሰ ጥያቄውን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማሊኛ፣ አፉን በፈታበት ቋንቋ ንገሩት። ያን ጊዜ ከሠራው ችግሩ እንግሊዝኛ ነው፤ ሶሻል ቢገባ ደግሞ ይኸው ችግር ብሶ ይጠብቀዋል። በቋንቋውም ተነግሮት ከየት እንደሚጀምር ካላወቀ፣ እንዲህ ዓይነት አሥር ጥያቄ ላይም እንደዚያው ከሆነ፣ የ11ኛ ክፍል ፊዚክስ ከባድ ይሆንበታል። እዚያ ቬክተር፣ በአንድና በሁለት አቅጣጫ እንቅስቃሴ፣ ዳይናሚክስ፣ ሙቀት፣ ኤሌክትሮስታቲክስና ኒውክሌር ፊዚክስ ይመጣሉ፤ 12ኛ ላይ የፈሳሽ መካኒክስ፣ ኤሌክትሮማግኔቲዝምና የኤሌክትሮኒክስ መሠረት። ሁሉም ያው የቀመር ማገላበጥ ላይ የቆሙ ናቸው።

ከፊዚክስ የሸሸ ሶሻል ሲገባ መጀመሪያ የሚገጥመው ኢኮኖሚክስ ነው። ፍላጎት 100 ሲቀነስ የዋጋው እጥፍ፣ አቅርቦት 20 ሲደመር የዋጋው እጥፍ ቢሆን ገበያው የሚረጋው በስንት ብር ነው? 80 እኩል ይሆናል አራት ጊዜ ዋጋው፤ ዋጋ 20፣ መጠን 60። ድንጋዩ ላይ የተሰናከለው ልጅ እዚህም ይሰናከላል። 11ኛ ክፍል የሸማች ጠባይና የገበያ ዓይነቶች በግራፍ ይመጣሉ፤ 12ኛ ላይ የማክሮ ኢኮኖሚ ጽንሰ ሐሳቦች፣ ጥቅል ፍላጎትና አቅርቦት፣ የፖሊሲ መሣሪያዎችና ግብር። ግራፍ ማንበብ የሚወድ ልጅ ግን ኢኮኖሚክስ ላይ ከስድስቱ ሁሉ የተሻለ ነጥብ ሊሰበስብ ይችላል። ጥያቄዎቹ ሥርዓት አላቸው፤ ከአሥር ዓመት ወረቀት አንድ ዓይነት ነገር ደጋግሞ ይወጣል።

ኬሚስትሪ መሐል ላይ ነው፤ ግማሹ ሽምደዳ፣ ግማሹ ስሌት። የድሬ ልጅ ጀበና ወይም ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያውቀዋል፤ የከተማው ውኃ ጨው የበዛበት፣ ሳሙና አረፋ የማያወጣበት ነው። ቅርፊቱ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ሎሚ ሲጨመቅበት እየፈላ የሚለቅቀው አሲዱ ከካርቦኔቱ ጋር ሲዋሀድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወጣ ነው። ይህን ያየ ልጅ የሽምደዳው ክፍል አይከብደውም። ነጥብ የሚወሰደው ስሌቱ ላይ ነው። የ12ኛ ክፍል መጀመሪያ ምዕራፍ የአሲድና ቤዝ ሚዛን ነው፤ 0.001 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ፒኤች ስንት ነው ሲባል 3 ለማለት ሎጋሪዝም ማወቅ ያስፈልጋል። ሎጋሪዝምን ሒሳብ ክፍል ውስጥ የዘለለ ተማሪ ዋጋውን ኬሚስትሪ ላይ ይከፍላል።

ባዮሎጂና ታሪክ ተቃራኒ ዘርፍ ላይ ቢቀመጡም የሚጠይቁት ጠባይ አንድ ነው፤ ረጅም የእንግሊዝኛ ገጽ ማንበብና ዝርዝር መያዝ። ባዮሎጂ ላይ ቃላቱ እንግዳ ናቸው እንጂ ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፤ ዘረ መል ላይ ደግሞ ትንሽ ስሌት አለ። ታሪክ ላይ ቃላቱ ቀለል ብለው ዓረፍተ ነገሩ ይረዝማል። ለመለካት የ10ኛ ክፍል ታሪክ መጽሐፍ ማንኛውንም አንድ ገጽ ክፈቱና በአምስት ደቂቃ አንብቡ፤ ያላወቃችሁትን ቃል አስምሩ። ከ15 ቃል በላይ ከተሰመረ፣ ወይም ተዘግቶ በራሳችሁ ቋንቋ ሦስት ዋና ነጥብ መናገር ካቃታችሁ፣ «ሶሻል ንባብ ብቻ ነው፣ ይቀላል» የሚለውን እርሱት። ንባቡ ራሱ ነው የሚከብደው።

ታሪክ ላይ ደግሞ ጎበዝ ተማሪን ሳይቀር የምትጥል አንዲት ወጥመድ አለች፤ የዘመን አቆጣጠር። እኛ ዐድዋን በ1888 እንላለን፤ በእንግሊዝኛው መጽሐፍ 1896 ነው። የባቡር ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በፈረንጆቹ ዲሴምበር 1902 ነው፤ በእኛ 1895። አንዱ ላይ ልዩነቱ ስምንት፣ ሌላው ላይ ሰባት የሆነው ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ስለሚለያይ ነው። ከቤት በወሬ የሰማውን ዓመት ይዞ ፈተና የገባ ልጅ ቅደም ተከተል ጥያቄ ላይ ይሳሳታል። ደብተር ላይ ሁለቱንም ጎን ለጎን የመጻፍ ልማድ ከ9ኛ ክፍል ቢጀመር መልካም ነበር፤ አሁንም አልረፈደም።

ጂኦግራፊ ለሶሻል የነጥብ ማረፊያ ሊሆን ይችላል፤ በተለይ የተፈጥሮ ጂኦግራፊና ካርታ ለሚወድ። ስሌቱ ትንሽ ነው። ካርታ 1 ለ50,000 ከሆነ 4 ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ 2 ኪሎ ሜትር ነው። ከድሬ ወደ ሐረር የሚወጣ ሰው ሹራብ የሚደርበውም በዚሁ ትምህርት ይገለጻል፤ ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር፣ ሐረር ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል ከተባለ በ650 ሜትር ወደ 4 ዲግሪ ይሆናል። 12ኛ ላይ የመሬት ንጣፎች እንቅስቃሴ፣ የአየር ንብረት ለውጥ፣ ሕዝብና ፖሊሲ ይመጣሉ። የሕዝብ ነክ ምዕራፎቹ ፖሊሲና ትርጓሜ ስለሚበዛባቸው ይሰለቻሉ፤ ፈተና ላይ ግን አይቀሩም።

የሚከፈቱትና የሚዘጉት በሮች

ሕክምና፣ ነርሲንግ፣ ፋርማሲ፣ ሚድዋይፈሪ፣ ላቦራቶሪ፣ ምሕንድስና በየዓይነቱ፣ አርክቴክቸር፣ ሶፍትዌር፣ ግብርናና የእንስሳት ሕክምና በናቹራል በኩል ናቸው። ሕግ፣ አካውንቲንግ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ማኔጅመንት፣ ሎጂስቲክስ፣ ሳይኮሎጂ፣ ሶሲዮሎጂ፣ ጋዜጠኝነትና ቋንቋ በሶሻል በኩል። ከናቹራል ወጥቶ በኋላ ወደ ቢዝነስ ትምህርት የዞረ ሰው ይገኛል። ከሶሻል ተነሥቶ ሕክምና ወይም ምሕንድስና የሚገባበት መንገድ ግን የለም። ስለዚህ ቁርጥ ያለ የጤና ወይም የምሕንድስና ፍላጎት ያለው ልጅ ሶሻልን «ለጊዜው» ብሎ አይግባ።

«እንግዲያው ሁሉም በር እንዳይዘጋ ናቹራል ልግባ» የሚል ክርክር ከዚህ ይነሣል። ግማሹ እውነት ነው። ክፍት በር የሚጠቅመው ግን ላለፈ ነው። በቤት ፈተናው ናቹራል 270፣ ሶሻል 320 የሚወጣለት ልጅ ናቹራል ገብቶ የሚያስቀረው በር የለም፤ ሁለቱንም ያጣል። ከግማሽ በታች ላመጡ የሪሚዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ዕድል ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ መግቢያ ነጥቡ በየዓመቱ የሚወሰን ስለሆነ ግን ማንም አስቀድሞ ሊተማመንበት አይገባም።

ዘርፉን ማለፍ ዲፓርትመንቱን ማግኘት አለመሆኑም ይታወቅ። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የፍሬሽማን (የመጀመሪያ ዓመት) ኮርሶች አሉ፤ ዲፓርትመንት የሚደለደለው በዚያ ውጤትና በመግቢያ ነጥቡ ነው። ናቹራልን «ዶክተር ለመሆን» ብቻ የሚመርጥ ልጅ ሕክምና ባይደርሰው ምን ሊማር እንደሚፈልግ ሁለተኛና ሦስተኛ ምርጫ ቢያስብ ይሻላል። ባዮሎጂንም ኬሚስትሪንም የማይወድ ልጅ ሁለተኛ ምርጫ ሲጠየቅ ዝም ይላል፤ ያ ዝምታ ራሱ መልስ ነው።

የአካባቢው ሥራ ምን ያህል ይታሰብ? ድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጣና፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ሲሚንቶና የጂቡቲ ባቡር አለባት፤ ሐረር የሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ኮሌጅና የሕይወት ፋና ሆስፒታል፣ እንዲሁም በ2006 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በዩኔስኮ የተመዘገበው ጀጎል። ወላጆች ከዚህ ተነሥተው «ጉምሩክና ሎጂስቲክስ ያዋጣል፣ ሶሻል ግባ» ወይም «ፋብሪካ አለ፣ ምሕንድስና ተማር» ይላሉ። ሁለቱም ክፉ ምክር አይደለም፤ ነገር ግን ከ11ኛ ክፍል እስከ ምረቃ ቢያንስ ስድስት ዓመት አለ፤ ምደባውም ድሬ ወይም ሐሮማያ ላይ እንዲሆን ማንም ዋስትና አይሰጥም። የአካባቢው ሥራ ሁለቱ ዘርፎች እኩል ሲሆኑ የሚያጋድል ሚዛን ይሁን፤ ዋናው ምክንያት ግን አይሁን። ሌላ ከተማ የሌለ ጥቅም ግን እዚህ አለ። አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ሶማሊኛና ሐረሪ እየቀላቀለ ያደገ ልጅ ለሕግ፣ ለጋዜጠኝነትና ለማኅበራዊ ሥራ ያለው ስንቅ ከስድስቱ ፈተና ውጭ ያለ ነው፤ ነጥብ አይሆንም፣ ዲፓርትመንት ሲመረጥ ግን ይታሰብ።

ትምህርት ቤቱን መጠየቅ

በወረቀት ላይ ሁለቱም ዘርፍ ያለበት ትምህርት ቤት በተግባር አንዱን ብቻ በደንብ ሊያስተምር ይችላል። ፎርም ከመሙላታችሁ በፊት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን አግኝታችሁ ጠይቁ፤ አምና የፊዚክስ መምህር ዓመቱን ሙሉ ነበር? ኢኮኖሚክስን የሚያስተምረው በትምህርቱ የተመረቀ ነው ወይስ ክፍለ ጊዜ የተረፈው ሌላ መምህር? ከመጽሐፉ ስንት ምዕራፍ ተሸፈነ? ላቦራቶሪው ውስጥ ሥራ ይሠራል ወይስ ሲገቡ አቧራ ነው የሚያስነጥሰው? ተማሪ ሲያንስ አንዱን ዘርፍ የማይከፍቱ ትምህርት ቤቶችም አሉና ነሐሴ ሳያልቅ አረጋግጡ፤ መስከረም ላይ ሌላ ትምህርት ቤት መፈለግ አስቸጋሪ ነው። ሴክሽን ሲሞላ ደግሞ ትምህርት ቤቱ በውጤት ቅደም ተከተል ሊደለድል ይችላል፤ በምን መስፈርት እንደሚደለድል አስቀድሞ መጠየቅ መብት ነው።

የታላቅ ወንድም ወይም እኅት ደብተር «አለልኝ» ተብሎ የሚደረግ ምርጫም አለ። ከአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በፊት የተማረ ሰው ደብተር ከአሁኑ መጽሐፍ ጋር በብዙ ቦታ አይገጥምም፤ ምዕራፎቹ ተዛውረዋል፣ ቀድሞ የሚፈተኑት ሥነ ዜጋም ከፈተናው ወጥቷል። ለልምምድ ይጠቅም ይሆናል፤ ዘርፍ ለመምረጥ ግን ምክንያት አይሆንም። ከዘርፉ ትምህርቶች ሌላ የሚሰጡት፣ እንደ አይቲ፣ በናቹራል በኩል እንደ ግብርና ያሉት፣ እስካሁን ከ600ው ውስጥ አልገቡም፤ ትራንስክሪፕት ላይ ስለሚታዩ ግን ችላ አይባሉም።

ቀድሞ የተመረጠውን መቀየር

ገብታችሁ ካልተስማማችሁ ለመቀየር የሚሻለው ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው። ከዚያ ያለፈ እያንዳንዱ ሳምንት ዋጋ አለው። 11ኛ ክፍል ፊዚክስ ገና መጀመሪያው ላይ ቬክተር ያስተምራል፤ ያን ያመለጠው ልጅ እንቅስቃሴና ዳይናሚክስ ላይ ይደናገራል። ኢኮኖሚክስም የመጀመሪያው ምዕራፍ የሸማች ጠባይ ነው፤ ኋላ የሚመጣው ሁሉ እሱ ላይ ይቆማል። ወደ ናቹራል የሚቀይር ልጅ ከኋላ ለመድረስ የበለጠ ይለፋል፤ ወደ ሶሻል የሚቀይር የንባብ ብዛት ይጠብቀዋል። አንድ ሴሚስተር ካለቀ በኋላ መቀየር ብዙ ጊዜ ዓመቱን መድገም ይጠይቃል። ለዚህም ቢሆን ማመልከቻ በጽሑፍ፣ በወላጅ ፊርማ፣ ለርዕሰ መምህሩ ይግባ፤ ኮፒው ቤት ይቅር። በቃል ብቻ ክፍል የቀየረ ተማሪ ሮስተር (የክፍሉ የውጤት መዝገብ) ላይ የቆየው በድሮው ዘርፍ ሊሆን ይችላል፤ ይህም የሚታወቀው ሴሚስተር አልቆ ውጤት ሲፈለግ ነው።

ክረምቱ፣ ሐምሌና ነሐሴ፣ ሁለት ወር ነው። ድሬ ላይ ከሰባት እስከ ዐሥር ሰዓት ባለው ሙቀት ሒሳብ የሚሠራ የለም፤ ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት እስከ ጠዋቱ አንድ ሰዓት ያለው ሁለት ሰዓት ለስሌት ይሁን፣ ንባቡ ማታ። በሳምንት ስድስት ቀን ቢሠራ ከመቶ ሰዓት ያላነሰ ይገኛል፤ የ9ኛና የ10ኛ አልጀብራን ለመጠገን ይበቃል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ፈተናው በከፊል በኮምፒውተር ስለሚሰጥ አንዳንዱን ወረቀት ስክሪን ላይ አንብባችሁ በወረቀት አስሉ፤ ቁጥር ከስክሪን ወደ ወረቀት ሲገለበጥ ዜሮ የሚጎድለው ብዙ ነው።

በመጨረሻም 12ኛ ክፍል ለፈተና ስትመዘገቡ የሚታተመውን ወረቀት ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ነገር በጣታችሁ እየተከተላችሁ አንብቡ፤ ዘርፉ፣ የአባትና የአያት ስም አጻጻፍ በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ ጾታ። ስሙ ከ8ኛ ክፍል ሰርተፍኬት ጋር አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ «መሐመድ» በእንግሊዝኛ በአንዱ በአንድ ኤም፣ በሌላው በሁለት ኤም ከተጻፈ እርማቱ ምዝገባው ሳይዘጋ ያልቅ። ከተዘጋ በኋላ ትምህርት ቤቱ ብቻውን ሊያስተካክለው አይችልም።